ሰውነት ሲበግን

አማርኛ ንዴትንና በሽታን በአንድ ግስ አስሯቸዋል። «በገንኩ» ያለ ሰው አንጀቱ አርሯል ማለት ነው። ሐኪሞቻችን ደግሞ የቀላውን፣ የጋለውን፣ ያበጠውንና የሚጠዘጥዘውን የሰውነት ክፍል «ብግነት አለበት» ይሉታል። ቃሉን ለሕክምና የመረጠው ሰው እጁ ይባረክ፤ ነገሩ እውነትም ንዴት ነው። ተሐዋሲ ሲገባብን የሚያተኩሰን፣ የሚያንቀጠቅጠንና ምግብ የሚያስጠላን በአብዛኛው የራሳችን ነጭ የደም ሕዋሳት የሚረጩት ኬሚካል ነው።

ይህን ያነሳሁት ብግነትን ዝም በሚያሰኘው መድኃኒት፣ በዴክሳሜታዞን፣ በአጭሩ በዴክሳ ምክንያት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአክስቴን ልጅ ያስለውና ያተኩሰው ጀመር። ሰፈር ካለ አንድ ክሊኒክ ሄዶ ሁለት መርፌ ተወጋ፤ አንዱ ፀረ ባክቴሪያ፣ ሌላው ዴክሳሜታዞን። ማታውኑ ትኩሳቱ ለቀቀው፣ እራቱን በላ፣ «ነፍስ ዘራሁ» አለ። ከዚያ ወዲያ ሲያመው ክሊኒኩንም ትቶ በቀጥታ ከመድኃኒት ቤት ኪኒኑን ይገዛ ጀመር። ማዘዣ የጠየቀው አልነበረም። ፊቱ ሞላ ሲል አክስቴ «ተመስገን፣ ልጄ አገገመ» ብላ ነበር፤ ያ የዴክሳ እብጠት ነው። ወራት አልፈው አክታው ሲመረመር ቲቢ ተገኘ። መድኃኒቱ ቲቢውን አመጣው አልልም። ነገር ግን ትኩሳቱ በጠና ቁጥር ስለምናጠፋው በሽታውን ለማየት ዘገየን።

ዴክሳ ክፉ መድኃኒት ሆኖ አይደለም። ንዴትን ዝም የሚያሰኝ መድኃኒት ማን ላይ፣ መቼ እንደሚሰጥ ካልታወቀ ምን እንደሚያደርስ ለማወቅ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከዚህ ሳይንስ አንዱ ምዕራፍ የተጻፈው በእኛው ሕመምተኞች ደም ነው።

ግርሻ የሚባለውን በቅማል የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ የቆዩ የአዲስ አበባ ሐኪሞች በደንብ ያውቁታል። ቅያሪ ልብስና መታጠቢያ የሌለው የቀን ሠራተኛ በጠባብ ክፍል ተጨናንቆ ሲያድር የልብስ ቅማል ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። በሽታውን የምታመጣው ባክቴሪያ ቦሬሊያ ሬከረንቲስ ትባላለች። ወደ ሰው የምትገባው ቅማሉ ሲነክስ ሳይሆን ሲጨፈለቅ ነው፤ የሚያሳክከውን ሰው ጥፍሩ ራሱ ያስገባበታል። ትኩሳቱ ለቀናት ያነድና ይለቃል፤ ዳነ ሲባል ያገረሻል። ካልታከመ ከ100 ሕመምተኞች ከ10 እስከ 40 የሚሆኑትን ይገድላል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን። ጉዱ ግን ከመርፌው በኋላ ይመጣል። አንድ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሕመምተኛው ጥርሱ እየተንገጫገጨ ይንዘፈዘፋል፣ ትኩሳቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ቀጥሎ ላብ ያጠምቀዋል፣ የደም ግፊቱም ያሽቆለቁላል። አንዳንዱ በዚህ መሃል ያልፋል። አስታማሚ «መርፌው ገደለብኝ» ቢል አይፈረድበትም። ባክቴሪያው ግን በዚያው ሰዓት ከደም ውስጥ እየጠፋ ነው! ይህ ነገር ያሪሽ ሄርክስሃይመር ምላሽ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በቂጥኝ ታካሚዎች ላይ ካዩት ሁለት የቆዳ ሐኪሞች ነው። (ሁለተኛው፣ ካርል ሄርክስሃይመር፣ አይሁዳዊ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1942 በናዚዎች ካምፕ ውስጥ በ81 ዓመቱ ሞተ። የሕክምና መጽሐፍ ስሙን እንጂ ይህን አይነግርም።)

ጠላት እየሞተ ሰውየው የሚብስበት ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ደም ውስጥ መልሱን አገኘ፤ በምላሹ ሰዓት ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 6 እና ኢንተርሉኪን 8 የሚባሉት የብግነት መልእክተኞች በደም ውስጥ ይንራሉ። ቀጣዩ ጥያቄ፣ መልእክተኛውን መንገድ ላይ ብንይዘውስ የሚል ነበር። ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቹ አዲስ አበባ ውስጥ 49 የግርሻ ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። 20ዎቹ ከፔኒሲሊኑ አስቀድሞ ቲኤንኤፍን የሚያስር፣ ከበግ ደም የተዘጋጀ አንቲቦዲ ተሰጣቸው፤ 29ኙ አልተሰጣቸውም። አንቲቦዲውን ካገኙት 20 ሰዎች ምላሹ የያዘው 10ሩን ሲሆን ካላገኙት 29 ግን 26ቱን ነው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1996 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ታተመ። ሰውየውን የሚያንቀጠቅጠው የራሱ ንዴት መሆኑ በሰው ላይ እንዲህ ጥርት ብሎ የታየበት አጋጣሚ ብዙ አይደለም። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ንዴቱን የሚቀሰቅሰው የባክቴሪያዋ ፕሮቲን ተለየ፤ ያው ፕሮቲን መልኩን እየቀያየረ በሽታው እንዲያገረሽ የሚያደርገው ነው።

እዚህ ላይ «እንግዲያው ቲኤንኤፍን ማጥፋት ነው» የሚል ይኖራል። በዚያው በ1996 እዚያው ጆርናል ላይ ሌላ ውጤት ወጥቶ ነበር። ባክቴሪያ ደማቸውን ወርሮ የደም ግፊታቸው የወደቀ የሴፕሲስ ሕመምተኞች ቲኤንኤፍን የሚያግድ ሌላ መድኃኒት ተሰጣቸው። መድኃኒቱን ካልወሰዱት የሞቱት 30 በመቶ ሲሆኑ ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት ግን 53 በመቶ ሞቱ። የታገደው መልእክተኛ አንድ ነው፤ ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የአዲስ አበባዎቹ ሐኪሞች ንዴቱ የሚነሳበትን ሰዓት ያውቁ ነበር፤ ራሳቸው በመርፌ የሚቀሰቅሱት ነውና ቀድመው ጠበቁት። ባክቴሪያውንም ፔኒሲሊኑ ይጨርሰዋል። የሴፕሲሱ ሕመምተኛ ግን የሚደርሰው ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ ነው፤ ጠላቱ ገና ከነነፍሱ፣ ለእሱም የቀረው ያ ንዴት ብቻ። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ምርምር ትልቁ ትምህርት ይሄ ሰዓት ነው።

ዴክሳም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። በግርሻ ላይ የዴክሳ ዘመድ የሆነው ሃይድሮኮርቲዞን ተሞክሮ ሙቀቱን ቢያበርድም ምላሹን አላስቀረም። በኮቪድ ጊዜ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2020 የእንግሊዙ ሪከቨሪ ጥናት በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከነበሩት ውስጥ ዴክሳሜታዞን ከተሰጣቸው 29.3 በመቶ፣ ካልተሰጣቸው 41.4 በመቶ መሞታቸውን አሳየ። ይህን ሁሉም ሰምቷል፤ የእኛም ጤና ሚኒስቴር ወዲያው ለጽኑ ሕሙማን እንዲሰጥ መክሯል። ብዙ ሰው ያልሰማው ኦክስጅን ያላስፈለጋቸውን ነው። ከእነሱ መካከል መድኃኒቱን ከወሰዱት 17.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት 14 በመቶ ሞቱ። ልዩነቱ ጎጂ ነው ለማለት የሚያስደፍር ባይሆንም ጥቅም ግን አልታየበትም። መድኃኒት ቤት ድረስ በእግሩ ሄዶ ዴክሳ የሚገዛው ሰው የትኛው ወገን እንደሆነ ለመገመት ሐኪም መሆን አያሻም።

ቲቢም እንደዚሁ ነው። ቲቢ የአንጎልን ሽፋን ሲያጠቃ ዴክሳሜታዞን ከቲቢ መድኃኒት ጋር ሲሰጥ ሞትን ይቀንሳል፤ በቬትናም በተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2004 ታይቷል። አለርት ሆስፒታልም ቢሆን የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ነርቭ ሲበግን ሌላው የዴክሳ ዘመድ ፕሬድኒሶሎን ካልተሰጠ እጅና እግር ይሽመደመዳል። ሳንባው ውስጥ ቲቢ ተኝቶ ማንም ያላወቀለት ሰው ግን ያ ብግነት አጥሩ ነው። ቲኤንኤፍን የሚያግደው ኢንፍሊክሲማብ ለመገጣጠሚያ ሕመም መሰጠት ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ቲቢ የተነሳባቸው 70 ሰዎች ተመዝግበው ነበር። አጥሩ ሲፈርስ ተኝቶ የነበረው ይወጣል።

ስለዚህ ዴክሳን ያለ ማዘዣ መሸጥ እንደ ተራ የንግድ ጥፋት መታየቱ ይቁም እላለሁ። ባለሙያውን ብቻ መውቀስ ግን ቀላሉ መንገድ ነው። ክሊኒኩ ሕመምተኛው ማታውኑ እንዲሻለው ይፈልጋል፤ ሕመምተኛውም ሐኪሙን የሚመዝነው በዚያው ነው። አክታን ጂንኤክስፐርት በሚባለው የቲቢ መመርመሪያ መሣሪያ መርምሮ «ነገ ና» የሚለው ሐኪም ገበያ ያጣል። መፍትሔው መመሪያ ከመለጠፍ ይልቅ ዴክሳ የሚያዝ ሁሉ ለምን እንዳዘዘ በካርድ ላይ እንዲጽፍ ማስገደድ ይመስለኛል። ምክንያቱን መጻፍ ያቃተው እጅ መርፌውን ለማንሳትም ያመነታል።

አንድ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ በሊቢያ በኩል ተሰድደው ጣሊያን፣ ጀርመንና ኔዘርላንድስ በገቡ ወጣቶች ላይ ግርሻ ሲታይ የዚያ አገር ሐኪሞች ማንበብ የነበረባቸው እዚህ የተሠራውን ጥናት ነው። እዚህ ግን የበጉ አንቲቦዲ ለግርሻ መደበኛ ሕክምና ሆኖ አልገባም፤ በቅማል ለሚያዝ ድሃ እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚያመርት ማን አለ? ዓለምን ስለ ብግነት በደማችን ያስተማርን እኛ፣ ስለ ብግነት የምናውቀው አንድ ርካሽ ኪኒን ብቻ ሆኖ ቀረ።

የአክስቴ ልጅ የስድስት ወሩን የቲቢ ሕክምና ጨርሶ ዛሬ ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት እኔ ራሴ እሱ ይገዛበት ወደነበረው መድኃኒት ቤት ገብቼ «ዴክሳ አለ?» አልኩ። ከመደርደሪያው ጀርባ ያለችው ልጅ ቀና እንኳ ሳትል «ስንት ፍሬ?» አለችኝ።