የጂም ክፍያዬና የመስቀል አደባባይ ደረጃ

ሚኒሶታ 14 ዓመት ኖሬያለሁ። ብርዱን የቀመሰ ያውቀዋል፤ ጥር ላይ ውጭ መሮጥ አይታሰብም። ስለዚህ ጂም ገባሁ። ትሬድሚል ላይ ወጥቼ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን እያየሁ እሮጣለሁ። ስድስት ዓመት አጠገቤ የሚሮጥ ሰውዬ አለ። ድምፁን ሰምቼው አላውቅም።

ሰሞኑን አዲስ አበባ ስገባ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነስቼ ልወጣ ስል እህቴ ሰማችኝ።

"ወዴት ነው?"

"መስቀል አደባባይ፣ ስፖርት ልሠራ።"

"ታዲያ እስከዚያ ድረስ በእግርህ? ራይድ ልጥራልህ እንጂ!"

አደባባዩ ጢም ብሏል። ገና አልነጋም እኮ! አንዱ ቡድን እያጨበጨበ ይዘላል። ሌላው አንዱን ደረጃ ከጫፍ ጫፍ ሮጦ ወደ ቀጣዩ ይወጣል። እኔም ገባሁበት። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኔን ግን ረስቼዋለሁ። አምስተኛው ደረጃ ላይ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። እዚያ ኢትዮጵያዊ ነኝ ስል የኃይሌ ዘመድ ነው የሚያደርጉኝ፤ እንኳን አላዩኝ።

ቁጭ ብዬ ሳለከልክ አንድ አባት ጋቢያቸውን አጥፈው አጠገቤ አስቀመጡ። "ልጄ፣ ይቺን እያት" ብለው ሄዱ። የማን ልጅ እንደሆንኩ እንኳ አልጠየቁም። በላስቲክ ጫማ፣ በኮት፣ ቀስ እያሉ ይመላለሳሉ። በየካ በኩል ሰማዩ መቅላት ጀምሯል። ከእስጢፋኖስ ኪዳን ይሰማል።

በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ። ጂሙ 49 ዶላር ቆርጧል! ከመምጣቴ በፊት "አቋርጡልኝ" ብዬ ደውዬ ነበር። በስልክ አይሆንም፣ በአካል ና ተባልኩ። ሄድኩ፤ ማናጀሯ የለችም። ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ከ30 ቀን በፊት ነበር ማሳወቅ ያለብህ አሉኝ። ስመዘገብ ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም! እዚህ ወረዳ "ነገ ና" ሲሉን ሰማይ ምድሩን እንደባልቃለን፤ ያኛው በፈገግታ ስለሆነ ነው መሰል ሥልጣኔ የምንለው።

አባትየው ላባቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ ተመለሱ።

"ምነው ፊትህ ጠቆረ?"

ነገርኳቸው። ወደ ብር ስመነዝርላቸው ራሳቸውን ያዙ።

"በወር? ለመሮጥ?"

"አዎ፣ ማሽን ላይ።"

"የት ያደርስሃል?"

"የትም።"

ትንሽ ዝም አሉ። "በል ተነስ፣ ሁለት ዙር ይቀረኛል።"

"ጋቢውስ?" ብላቸው፣ መንገድ የምትጠርገውን ሴትዮ በአገጫቸው አሳዩኝ። እሷም መጥረጊያዋን ሳታስቀምጥ እጇን አነሳችልን።