ራሔልን ዝም አሰኘናት

የድሬዳዋ ክርስቲያኖች፣ ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሳቢያን ሰፈር ውስጥ በቀን ሥራ የምታድር አንዲት እናት ልጇ በትኩሳት ሞተባት። ከእሱ ሌላ ማንም አልነበራትም። ቀብሩን ጎረቤት ተረባርቦ ፈጸመ። ድንኳን ሲጠየቅ ግን እድሩ "የመዋጮ ውዝፍ አለባት" አለ። ለካ ድንኳኑ ለሰርግ ተከራይቷል! እሷ በዚያ ፀሐይ ከግንቡ ሥር ተቀምጣ ስታለቅስ ነጠላቸውን ያጣፉ፣ ቅዳሴ የማያመልጣቸው ሰዎች መጡ። ሊያጽናኗት መስሎኝ ነበር። "ልጄ፣ በዓለ ልደት እኮ ነው፤ ሰርገኛም በዚህ ያልፋል፤ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊው" አሏት። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችው። ይህን ይቅር ማለት አቅቶኛል። ሰሌን አንጥፋ፣ ደግፋት ያደረችው ሙስሊም ጎረቤቷ ናት።

ቀኑ ጥር 3 ነበር። ሄሮድስ ያስፈጃቸው የቤተልሔም ሕፃናት የሚታሰቡበት ቀን መሆኑን አጥተነው ነው? ማቴዎስ በምዕራፍ 2 የሰብአ ሰገልን እጅ መንሻ ጽፎ ሳይርቅ የራሔልን ዋይታ ጻፈ፤ ልጆቿ የሉምና መጽናናትን እንቢ አለች። ወንጌሉ ዝም በዪ አላላትም፤ ልቅሶዋንም ከልደቱ ታሪክ አላወጣውም። ቃሉ የተወሰደበትን ኤርምያስ 31ን ደግሞ ግለጡት። ከልቅሶው ቀጥሎ ተስፋ አለ ይላል፤ የተነገረውም ለዚያችው ለምታለቅሰው ነው። እኛ አልቃሿን ከደጅ መልሰን ተስፋውን ለብቻችን ልንይዝ አማረን።

ምን ነካን? በ1998 ክረምት ደጋ የዘነበው ዝናብ በሌሊት የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድብን የእድር ደብተር የገለጠ ነበር? ማን የማን ወገን ነው ብሎ የጠየቀስ? ያኔ ከተማው ሁሉ አንድ ለቅሶ ቤት ነበር። ኑሮው ከብዷል፣ አውቃለሁ። የሁላችንም ጓዳ ጎድሏል። ግን ለቅሶ መድረስ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሰልስቱ አልፏል። አርባው ገና ነው። ውዝፏን እንክፈልላት፣ ድንኳኑን እንትከልላት፣ እንደ ልቧ ታልቅስ፤ እኛም አብረናት እንቀመጥ። የምንላት ቃል ባይኖረንም ግድ የለም። እኔ ደክሞኛል። ትመጣላችሁ ብዬ ግን አሁንም እጠብቃለሁ፤ በደቻቱ ጊዜ ያየኋችሁ እናንተው ናችሁና።