ሳክስፎኑን የነፋውስ?

ባለፈው ሳምንት ከአንድ ሳክስፎን ተጫዋች ወዳጄ ጋር ከፒያሳ ወደ ሜክሲኮ በሚኒባስ እየሄድን ነበር። ሬዲዮው አንድ ዘፈን ለቀቀ። ወዳጄ ክንዴን ነካ አድርጎ "ቆይ ስማት፣ አሁን የምትመጣው የእኔ ናት" አለኝ። መጣች። ረዳቱ ድምፁን ጨመረው፤ ከኋላ ያሉት ልጆችም የሳክስፎኗን ዜማ በአፋቸው ያንጎራጉሯት ጀመር። እሱ ለዚያች ሳክስፎን ግማሽ ቀን ስቱዲዮ ውሎ፣ ሲወጣ በር ላይ የተቆጠረለትን ብር ኪሱ ከቶ ሄደ፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ አምስት ሳንቲም አላየም። ውል? ምንም ወረቀት የለም።

ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ድምፃዊውን አልወቅስም። ካሴቱም ሲዲውም ቀርቷል። ዛሬ ብዙው ድምፃዊ ለግጥሙ፣ ለዜማው፣ ለቅንብሩ፣ ለሚክሲንጉ ከኪሱ ከፍሎ ዩቲዩብ ላይ ይለቃል፤ የማስታወቂያው ገቢ ደግሞ እንደ ተመልካቹ አገር ስለሚለያይ፣ አዲስ አበባ የታየና ዋሽንግተን የታየ እኩል አያስገባም። ስለዚህ እንጀራው መድረክ ላይ ነው፦ ሰርግ፣ ክለብ፣ ኮንሰርት። ግን ዘፈኑ ሲወደድ ለሰርግ የሚጠራው ድምፃዊው ነው። ሳክስፎኑን የነፋውን ማን ያውቀዋል?

ሕግ የለም እንዳንል አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው ሌላ ለከዋኙም መብት ሰጥቷል፤ ዘፋኝ ብቻ ሳይሆን ሙዚቀኛም ከዋኝ ነው፣ የገንዘብ መብቱም 50 ዓመት ይቆያል። በ2007 ተሻሽሎ ሮያሊቲ፣ ማለትም ሥራው ጥቅም ላይ በዋለ ቁጥር የሚከፈለው ክፍያ፣ በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል የሚሰበሰብበት መንገድም ገብቶበታል። ነገር ግን ድርሻ ለመጠየቅ መጀመሪያ መጫወትህ መታወቅ አለበት።

ወዳጄን፣ የሚያሠሩህን ሰዎች ለምን አታስፈርማቸውም አልኩት። "ወንድሜ፣ ሁላችንም የምንተዋወቅ ሰዎች ነን። ወረቀት ካወጣሁ አላመነንም ይላሉ፣ ሌላ ጊዜም አይጠሩኝም" አለኝ። ይሉኝታው ነው የያዘው። ለዚህ ነው ወረቀቱን ማውጣት ያለበት አሠሪው ነው የምለው፤ ድምፃዊው ወይም አቀናባሪው ቀረጻው ሳይጀመር አንዲት ገጽ ያቅርብ፦ ማን ምን ተጫወተ፣ ስንት ተከፈለው፣ ነገ ገንዘብ ቢመጣ ድርሻው ስንት ነው። ዩቲዩብ ላይ ሲለቀቅም ከሥሩ ስማቸው ይጻፍ። ይሄ እንኳ ብር አይጠይቅም።

ዘፈኑ ሲያልቅ የሬዲዮ አቅራቢዋ የድምፃዊውን ስም ጠርታ አመሰገነች። የወዳጄን አልጠራችም። ከየት ታምጣው፣ የትም አልተጻፈም።