ዲኤንኤስ64 ሁሉንም አያድንም
«ዲኤንኤስ64 ከተከፈተ አይፒቪ6 ብቻ ባለው ኔትወርክ ምንም አይጎድልም» የሚለውን አልቀበልም። አይፒቪ4 የቆየው፣ አይፒቪ6 አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ዓይነት ነው፤ ዲኤንኤስ64 ደግሞ አይፒቪ6 ብቻ ያለው መሣሪያ አይፒቪ4 ብቻ ያላቸውን ድረ ገጾች እንዲደርስ የሚረዳ፣ ስምን ወደ አድራሻ የሚመልስ አገልግሎት ነው። የሚሠራው ግን የድረ ገጽ ስም ሲጠየቅ ብቻ ነው፤ ስሙ የአይፒቪ6 አድራሻ ከሌለው የአይፒቪ4 አድራሻውን 32 ቢት በአይፒቪ6 አድራሻ ውስጥ ከትቶ ይመልሳል። ፕሮግራሙ ውስጥ 192.0.2.10 ተብሎ በቀጥታ የተጻፈ የአይፒቪ4 ቁጥር ግን በዚያ በር ጨርሶ አያልፍም። በሥራዬ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፦ አንዳንድ የስም ሰርቨሮች (ስም ሲጠየቁ አድራሻውን የሚመልሱ ኮምፒውተሮች) የአይፒቪ6 አድራሻ ሲጠየቁ ባዶ መልስ፣ ማለትም «ስሙ አለ፣ ይህ አድራሻ ግን የለውም» የሚል፣ መስጠት ሲገባቸው «ስሙ ራሱ የለም» ይላሉ። ያን ጊዜ ዲኤንኤስ64 ቃላቸውን አምኖ ያንኑ ያስተላልፋል፤ በአይፒቪ4 ደህና የሚሠራው ድረ ገጽ እዚህ የተዘጋ ይመስላል፣ ተጠቃሚውም ኔትወርኩን ይወቅሳል። «እኛን ፕሮግራም ሠሪዎችን ምን አገባን?» ለሚሉ፦ በጣም ያገባናል፤ ቁጥሩን ከኮዱ አውጥቶ በስም መተካት የእኛ ሥራ ነው።