የመመለሻ መንገድ የተዘጋበት አፕዴት

ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ማታ ታብሌቴን ቻርጀር ላይ ሰክቼ ተኛሁ። «አዲስ ማሻሻያ ተዘጋጅቷል፤ ዛሬ ሌሊት ይጫን?» የሚለው ማሳሰቢያ ለሦስተኛ ጊዜ መጥቶብኝ ስለነበር እሺ የሚለውን ተጭኜ ነው ያደርኩት። ጠዋት ስነሳ ስክሪኑ ላይ የአምራቹ ዓርማ ብቻ ይታያል። ከዓርማው ሥር ያለችው ቀጭን መስመር ቀስ እያለች እስከ ሦስት አራተኛዋ ድረስ ትሞላና ስክሪኑ ድርግም ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ ዓርማው ተመልሶ ይመጣል፣ መስመሯም ከባዶ ትጀምራለች። ጀርባውን ስዳስሰው ትኩስ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ሲነሳና ሲወድቅ እንዳደረ ያን ጊዜ ገባኝ።

ንዴቴ እስኪበርድ ብጠብቅም አልበረደልኝምና እጽፋለሁ።

በመጀመሪያው ቀን የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። ማብሪያውንና የድምፅ መቀነሻውን አንድ ላይ ተጭኜ ያዝኩ፤ ባትሪው ተሟጦ እስኪያልቅ ተውኩትና እንደገና ቻርጅ አደረግሁት፤ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኘሁት። ኮምፒውተሩ መሣሪያውን አወቀው፤ ማሻሻያውን እንደገና ለመጫን ሲሞክር ግን መሀል ላይ ቆሞ የስህተት ቁጥር ብቻ አሳየኝ። ለደንበኞች አገልግሎት ስጽፍ የመጣልኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «ባክአፕ አለዎት?» የሚል ነበር፤ የፋይሎችዎን ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀምጠዋል ወይ ማለት ነው። ምን ሆነ፣ መቼ ሆነ፣ የትኛው ማሻሻያ ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ከሁለት ቀን ምልልስ በኋላ የተሰጠኝ ብቸኛ መፍትሔ፣ በመሣሪያው ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ከፋብሪካ እንደወጣ ማድረግ ነው። መሣሪያው ዳነ፤ ውስጡ የነበረው ጠፋ።

ውስጡ የነበረው የድካሜ ውጤት ነው። የምተዳደረው ረቂቅ በማረም ሲሆን፣ በታብሌቱ ብዕር በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ልክ እንደ ወረቀት እየጻፍኩ አርማለሁ። በእጄ የነበረው ረቂቅ 310 ገጽ አለው፤ እኔም 187ኛው ገጽ ላይ ደርሼ ነበር። ባክአፕ የማደርገው በየሁለት ሳምንቱ ነው፤ የመጨረሻው ከዚያ ሌሊት 11 ቀን ቀደም ብሎ የተደረገ ስለሆነ የተረፈልኝ እስከ 123ኛው ገጽ ያለው ብቻ ነው። የ64 ገጽ እርማት ውሃ በላው። ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳልኝ፣ እርማት ሁለተኛ ጊዜ ሲሠራ እንደ መጀመሪያው አይሆንም። አንዱ ዓረፍተ ነገር ለምን እንዳልጣመኝ፣ የትኛውን ቃል በየትኛው ለመተካት እንዳመነታሁ፣ በጠርዙ ላይ ለደራሲው ምን ብዬ ጠይቄ እንደነበር አላስታውስም፤ የማስታውሰው ጥሩ መፍትሔ አግኝቼ እንደነበር ብቻ ነው።

ወዳጆቼ «ፋይሉን ባለሙያ ያወጣልሃል» ብለው አጽናንተውኝ ነበር። በቀድሞ ኮምፒውተሮች ሲስተሙ፣ ማለትም መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ዋናው ሶፍትዌር፣ ቢበላሽ ሃርድ ዲስኩ ተፈትቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሰካና ፋይሉ ይገለበጥ ነበር። በዛሬው ታብሌት ግን ማከማቻው ከዋናው ቦርድ ጋር የተበየደ ነው፤ በላዩ ያለው መረጃ የተመሰጠረ ሲሆን መፍቻ ቁልፉ ከዚያው መሣሪያ ቺፕ አይወጣም፤ የይለፍ ቃሌን የምጽፍበት ስክሪን ካልመጣ ደግሞ ቁልፉ ሥራ ላይ አይውልም። ይህ ጥበቃ የተሠራው ታብሌቱ ቢሰረቅ ሌባው እንዳያነበው ነውና በራሱ ተገቢ ነው። ነገር ግን የዚያ ስክሪን መምጣትና አለመምጣት የተንጠለጠለው አምራቹ በሌሊት በሚልከው ፋይል ላይ ከሆነ፣ ያ ፋይል በተሳሳተ ቀን ባለቤቱና ሌባው እኩል ደጅ ላይ ይቀራሉ።

ይህ በእኔ ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2016 አፕል አይኦኤስ 9.3.2 የተባለውን የስልክና የታብሌት ሲስተም ሲለቅ የ9.7 ኢንች አይፓድ ፕሮ ከነበራቸው ሰዎች ከፊሎቹ «ስህተት 56» የሚል መልእክትና የማይነሳ መሣሪያ ይዘው ቀሩ፤ ኩባንያው ማሻሻያውን ለዚያ ሞዴል አቋርጦ የተስተካከለውን የለቀቀው በጁን መጀመሪያ ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2024፣ አይፓድኦኤስ 18 የተባለው የአይፓድ ሲስተም ሲወጣ ኤም 4 ቺፕ ባላቸው አይፓድ ፕሮዎች ላይ ያው ነገር ተደገመ። አንዳንዶቹ ጨርሰው አልነሳ አሉ፤ ለእነዚህ ሞዴሎች ማሻሻያው ተቋርጦ ቆየና ምትኩ የመጣው ኦክቶበር 3 ቀን ነው። ያ ሞዴል ገበያ ላይ ከዋለ ገና አራት ወሩ ነበር። ቺፑም ሲስተሙም የዚያው የአንድ ኩባንያ ሥራ ነው፤ የሙከራው ቅጂም ለሕዝብ ከተለቀቀ ሁለት ወር አልፎት ነበር። በራሱ ቤት፣ በራሱ ዕቃ፣ ይህን ያህል ጊዜ ወስዶ ያልተያዘ ስህተት ነው።

እንዲህ ያለ ነገር በተፈጠረ ቁጥር አንድ ክርክር ይነሳል። አንዱ ወገን የሶፍትዌር ጥራት ከዓመት ዓመት እያሽቆለቆለ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ስህተት ጥንትም ነበር፣ ዛሬ የተጠቃሚው ብዛት ጩኸቱን አጎላው እንጂ ይላል። ልቤ ለመጀመሪያው ወገን ቢያደላም ሁለተኛው ሐሰት አልተናገረም። የጥራት ዘመን ተብሎ የሚናፈቀው ስኖ ሌፐርድ የተባለው የማክ ሲስተም እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ፣ አፕል አዲስ ነገር ከመደርደር ይልቅ ያለውን ማጠናከሩን ገልጾ ነበር ያስተዋወቀው። ያም ሆኖ በእንግዳ አካውንት ገብቶ ከዚያ ወደ ራሱ አካውንት የተመለሰ ሰው ፋይሎቹን ሁሉ አጥቶ ሊያገኝ የሚችልበት ስህተት ነበረበት፤ የታረመውም በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው። ድሮ ሁሉ ንጹሕ ነበር የሚል ሰው ይህን ረስቷል።

የመፈተሹ ሥራ ወደ ተጠቃሚው መገፋቱን ግን ማንም ሊያስተባብለኝ አይችልም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 የወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ የሰዎችን ሰነድና ፎቶ በማጥፋቱ ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ ሊያቋርጠው ተገድዷል። ከሁሉ የሚያሳዝነው በፈቃዳቸው የሙከራውን ቅጂ ይጠቀሙ ከነበሩት መካከል አንዳንዶቹ ፋይል እየጠፋ መሆኑን አስቀድመው ጠቁመው የነበረ መሆኑ ነው፤ ጥቆማቸው ቁጥሩ ትንሽ ስለነበር ከሌላው አስተያየት ብዛት በታች ተቀብሮ ቀረ። የተነገረውን የሚሰማ ሰው ከሌለ የሞካሪው መብዛት ምን ይፈይዳል?

እኔ ዋናውን ልዩነት የማየው ሌላ ቦታ ነው። በስኖ ሌፐርድ ዘመን ሲስተሙ የሚመጣው በዲስክ ነበር፤ አዲሱ ቢያስቸግር አሮጌው ዲስክ መሳቢያ ውስጥ አለ፣ አውጥቶ መጫን ነው። ዛሬ ያ መሳቢያ የለም። በብዙ ታብሌቶች ላይ ማንኛውም ሲስተም ከመጫኑ በፊት ከአምራቹ ሰርቨር ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ አዲስ ቅጂ ከወጣ ጥቂት ቆይቶ ለአሮጌው ፈቃድ መስጠት ይቆማል፤ ትናንት ያለ እንከን ሲያሠራኝ የነበረውን ሲስተም ዛሬ በገዛ መሣሪያዬ ላይ መልሼ እንዳልጭን እከለከላለሁ። የሚሰጠው ምክንያት ሰው የደኅንነት ቀዳዳ ወዳለበት ቅጂ እንዳይመለስ የሚል ነው። ምክንያቱን አልንቀውም። ነገር ግን ወደ ኋላ የሚያስኬደውን በር የዘጋ አካል፣ ወደ ፊት የሚያስኬደው መንገድ ገደል እንደሌለበት የማረጋገጥ ግዴታው እጥፍ ይሆናል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኔ ግን የቆጡን ላውርድ አላልኩም፤ እነሱ ከቆጡ ወርውረውልኝ ነው የብብቴን ያስጣሉኝ።

አይቻልም እንዳይባል ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አንድሮይድ 7 ሲስተሙን በሁለት ክፍል የሚያስቀምጥ አሠራር ይዞ መጥቷል። ማሻሻያው የሚጫነው ሥራ ላይ ባልዋለው ክፍል ነው፤ መሣሪያው በአዲሱ መነሳት ካቃተው ወደ ቀድሞው ክፍል ተመልሶ ይነሳል፤ ባለቤቱም ሥራውን ይቀጥላል። ይህ አሠራር ተዘጋጅቶ እያለ ለዓመታት ሳይቀበሉት የቆዩ ትልልቅ አምራቾች መኖራቸው ያንገበግበኛል። የማከማቻ ቦታ ይሻማል የሚል ምክንያት ይሰጣል፤ እኔ ግን 64 ገጽ ከማጣ ማከማቻዬ ቢጠብብ በደስታ እመርጣለሁ።

ማሻሻያን በደረጃ መልቀቅም የታወቀ ዘዴ ነው። በመጀመሪያ ለጥቂት መሣሪያዎች ይላካል፣ ይታያል፣ ከዚያ ይሰፋል። ይህ ሲዘለል ምን እንደሚመጣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ዓለም አይቷል፤ ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ለሁሉም ባንድ ጊዜ የላከው ፋይል በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጣለ። ምክንያቱ ሲጣራ ፕሮግራሙ 20 ግብአት ብቻ በቀረበለት ቦታ 21ኛውን ለማንበብ መሞከሩ ነበር። ለዚህች የቁጥር ስህተት በረራዎች ተሰርዘዋል፣ ብዙዎቹ ኮምፒውተሮችም አንድ በአንድ በሰው እጅ ነው የተነሱት።

ቅሬታዬን የተጋራ መንግሥታዊ አካልም አለ። የኢጣሊያ የውድድር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 አፕልን 10 ሚሊዮን፣ ሳምሰንግን 5 ሚሊዮን ዩሮ ሲቀጣ፣ ኩባንያዎቹ ስልኮችን የሚያዳክሙ ማሻሻያዎችን እንዲጫኑ መገፋፋታቸውን ብቻ ሳይሆን፣ ተጠቃሚው መሣሪያውን ወደ ቀድሞ አቅሙ የሚመልስበት በቂ መንገድ አለመስጠታቸውንም በጥፋትነት ቆጥሮባቸዋል። ጉዳዩ ስለ ስልክ ቢሆንም ነጥቡ ያው የእኔው ነጥብ ነው።

«ባክአፕ ብታደርግ ኖሮ» ለሚሉኝ፣ አድርጌያለሁ፤ ዛሬ በየቀኑ አደርጋለሁ። ግን የዚያን ሌሊት ማሳሰቢያ ላስነብባችሁ፤ «ይህ ማሻሻያ የደኅንነትና የአፈጻጸም ማስተካከያዎችን ይዟል» ይላል። ምኑ እንደተስተካከለ አይገልጽም፤ ከመጫኑ በፊት ፋይልህን አስቀምጥ የሚል አንዲት ቃል የለበትም፤ መጨረሻ ባክአፕ ያደረግሁት መቼ እንደሆነ ግን መሣሪያው ራሱ ያውቀዋል። ያንን ቀን እዚያው ማሳሰቢያ ላይ መጻፍ ስንት መስመር ኮድ ይጠይቃል? «አትጫን፣ ተወው» ለሚሉኝ ደግሞ፣ እነዚሁ ማሻሻያዎች ሰርጎ ገቦች የሚጠቀሙባቸውን ቀዳዳዎች ይደፍናሉ፤ ባለመጫን የሚመጣው አደጋ እውነተኛ ነው። እምነቴን የተጠቀሙበት እዚህ ላይ ነው፤ እምቢ ማለት እንደማልችል ያውቃሉ።

ከአምራቹ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መነሳት ያቃተው መሣሪያ ፋይል ሳይነካ ወደ ቀድሞው ሲስተም ይመለስ፤ አዲስ ቅጂ ከወጣ በኋላም የመመለሻው ፈቃድ ቢያንስ ችግሩ ተጣርቶ እስኪታወቅ ድረስ ክፍት ይቆይ።

ማሳሰቢያው ከትናንት ጀምሮ በአዲስ ቁጥር ተመልሶ መጥቷል፤ «ዛሬ ሌሊት ይጫን?» ይላል። የጠፉትን ገጾች እንደገና አርሜ ለደራሲው እስክልክ ድረስ አልነካውም። ከ64ቱ ዛሬ 23ኛው ላይ ነኝ።