«የእግር ሐኪም» ፍለጋ በወሎ

ከአቀስታ ወይም ከመርሳ ታማሚ ይዞ ደሴ የገባ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጥሩ የእግር ሐኪም የት አለ?» ብሎ ነው። ባለባጃጁም ሳይቀር የአንድ ክሊኒክ ስም ይጠራለታል። ስሙ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ግን ያሳስታል። በአንዳንድ አገር በዋናነት ቁርጭምጭሚትንና ከእሱ በታች ያለውን የሚያክም ራሱን የቻለ ሙያ አለ። እኛ ዘንድ እግር በየክፍሉ ተከፋፍሎ ነው የሚታየው። ስብራትና ውልቃት የአጥንት ሐኪም ጉዳይ ነው። ከስኳር በሽታ ጋር የመጣ ቁስል ከውስጥ ደዌ ይጀምራል። ዝሆኔና የጣት መሃል ፈንገስ የቆዳ ሐኪም ያያቸዋል። ቆልማማ እግር ይዞ የተወለደ ሕፃን ደግሞ በየሳምንቱ ጀሶ የሚቀይርለት ባለሙያ ይፈልጋል። እግርና ቁርጭምጭሚትን ብቻ ለይቶ የሚሠራ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት በአገሪቱ ጥቂት ነው፤ ለአብዛኛው ታማሚም አያስፈልገውም።

ስለዚህ ቤት ሳለ መለየት ያለበት የሕመሙ ዓይነት ነው። እግሩ ወለም ያለው ሰው ራጅ ያስፈልገው እንደሆነ በእጅ ዳሰሳ መገመት ይቻላል። ሐኪሞች በየቀኑ የሚጠቀሙበት፣ በ1992 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በካናዳ የወጣ ደንብ አለ። ከአደጋው በኋላ ወዲያውም፣ ጤና ጣቢያ ከደረሰ በኋላም እያነከሰ እንኳ 4 እርምጃ መራመድ ያልቻለ ሰው ራጅ ይነሣ። በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ጎላ ብለው የወጡትን አጥንቶች ከጫፋቸው እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ድረስ በኋላ ጠርዛቸው ሲጫኑት ካመመውም ይነሣ። ከትንሿ ጣት ወደ ተረከዝ ሲሄዱ መሃል ላይ ወጣ ያለችው አጥንት ወይም ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ፊት ለፊት ያለው አጥንት ሲነካ ካመመውም እንደዚሁ። ከነዚህ አንዱም ከሌለ ስብራት የመኖሩ ዕድል በጣም ዝቅተኛ ነው፤ እግርን ከልብ ከፍታ በላይ አድርጎ ማረፍና በላስቲክ ፋሻ መጠቅለል ይበቃዋል። ይህ ደንብ ለጠጣ ሰው፣ ለትንሽ ልጅ፣ እግሩ ለደነዘዘ የስኳር ታማሚ አይሠራም። እነሱ ሕመሙን በትክክል አይናገሩም።

ወጌሻን መሳደብ የትም አያደርስም። ቅርብ ነው፣ ወረፋ የለውም፣ ሰው ያምነዋል። ጉዳቱ የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው። አንደኛው ማሸት ነው፤ የተሰበረ ቁርጭምጭሚት ሲታሽ አጥንቱ ይበልጥ ይለያያል፣ እብጠቱም ይብሳል። ሁለተኛውና የከፋው በቀርከሃና በጨርቅ አጥብቆ ማሰር ነው። ከውስጥ የሚያብጠው እግር መሄጃ ያጣል፣ ደም ይቋረጣል፤ ጡንቻ 6 ሰዓት ያህል ያለ ደም ከቆየ የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል። ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ እየጨመረ ከሄደ፣ ሌላ ሰው ጣቶቹን ወደ ላይ ሲያጥፋቸው የሚያስጮህ ከሆነ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከደነዘዙ እስራቱ በዚያው ደቂቃ ይፈታ፤ ነገ አይባልም። የሆስፒታል ጀሶም ቢሆን ይኸው ነው። ለወጌሻው የሚነገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከራጅ በፊት አትሰር፣ ካሰርክም ጣቶቹ ይታዩ።

ጊዜም አለ። ቦታውን የለቀቀ የቁርጭምጭሚት ስብራት ቀዶ ሕክምና የሚሠራው እብጠቱ ሳይበረታ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ካልሆነም ጎድሎ ቆዳው ሲሸበሸብ ነው፤ ይህም ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይወስዳል። ከ3 ሳምንት ወዲያ አጥንቱ ባለበት መያያዝ ስለሚጀምር ሥራው ከባድ ነው። ብዙ ሰው ይህችን ጊዜ በእሽት ያሳልፋትና ሐኪሙ ዘንድ የሚደርሰው አጥንቱ ጠሞ ከያዘ በኋላ ነው።

ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያው እርምጃ ላይ የሚወጋ የተረከዝ ሕመም ግን ለብቻው ደሴ ድረስ መምጣት አያስፈልገውም። የባትን ጡንቻና ውስጥ እግርን በየቀኑ ማሳሳብ፣ ስስ ነጠላ ጫማን መተው፣ ወራትን መታገሥ ነው መድኃኒቱ።

ከሁሉ የሚያሳስበን የደነዘዘ እግር ነው። የስኳር ታማሚ ሰው ስሜቱን ሲያጣ ጠጠር ጫማው ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲፈጭበት አያውቅም። በደሴ ብርድ እግሩን ወደ ከሰል ምድጃው አስጠግቶ ቡና ሲጠጣ ይቃጠላል፣ አይሰማውም። ከዚያ ቁስሉ በየቀኑ ይታጠባል፣ በፋሻ ይጠቀለላል፣ በዚያው እግር ገበያ ይኬዳል። ፋሻና አንቲባዮቲክ ብቻውን የማያድነው ለዚህ ነው፤ ቁስሉ እየተረገጠ አይሽርም፣ ክብደት ሊነሣለት ይገባል።

ይህን ደግሞ ወሎ ቀድሞ ያውቀዋል። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም የኖረ ነው። የሥጋ ደዌ እግርና የስኳር እግር በሽታቸው ለየቅል ቢሆንም ቁስላቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም ስሜት ያጣ እግር ላይ ከሚያርፍ ጫና የሚመጡ ናቸው። ከውስጥ እግር ጋር ተጣብቆ የሚሠራው ክብደት አካፋይ ጀሶ ዛሬ ለስኳር ቁስል ከተመረጡት ሕክምናዎች አንዱ ነው፤ የተስፋፋውም ከሥጋ ደዌ ሕክምና ተነሥቶ ነው። በአንድ አካባቢ ሁለቱን የሚያክሙ ሰዎች እየተገናኙ የማይመካከሩ ከሆነ ትልቅ ብክነት ነው።

አንድ ነገር ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የስኳር ታማሚ እግር ቁስል ሳይኖረው በድንገት ቀልቶ፣ ሞቆ፣ አብጦ ሲገኝ «ወለምታ ነው» ወይም «መመረዝ ነው» ይባልና ሰውየው መራመዱን ይቀጥላል። አጥንቱ እየደቀቀ ሊሆን ይችላል። በጀርባው አስተኝቶ እግሩን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ከፍ ማድረግ ለመለየት ይረዳል፤ ቅላቱ ከቀነሰ ጥርጣሬው ወደ አጥንቱ ያዘነብላል። መርገጥ ቆሞ በአስቸኳይ ራጅ ይነሣ፤ መጀመሪያ ላይ ራጁ ደህና ቢመስልም አይታመን።

መከላከሉ ከባድ አይደለም። ለሰላት በቀን አምስቴ እግሩን የሚያጥብ ሰው እግሩን የሚያይበት አምስት ዕድል አለው፤ ውስጥ እግሩን በመስታወት ይይ ወይም ልጁ ይይለት፣ የጣቶቹን መሃል ግን ያድርቅ። ማታ ለእንግዳ እግር የሚያጥብ ቤተሰብም እንዲሁ። የውኃውን ሙቀት በክርን መለካት እንጂ በእግር አይሆንም።

የሪፈር ነገር ሌላው ጣጣ ነው። ወረቀቱ ላይ «የእግር ሕመም፣ ለተሻለ ሕክምና» ብቻ ተጽፎ ይመጣል፤ ካርድ ክፍሉም ወደ ፈለገው ይልከዋል። መጻፍ ያለበት፦ የትኛው እግር፣ መቼ የጀመረ፣ ወጌሻ ነክቶት እንደሆነ፣ ስኳር አለበት ወይ፣ የእግሩ የደም ትርታ በጣት ሲዳሰስ ይገኛል ወይ። ታማሚው ደግሞ የቀድሞውን የራጅ ፊልም፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶችና አዘውትሮ የሚያደርገውን ጫማ ይዞ ይምጣ፤ ጫማው የተበላበት አኳኋን ሐኪሙ የሚያነበው ማስረጃ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ያለው ሰው ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር ከጤና ጣቢያው ይጀምር፤ ደረጃውን ዘልሎ ከሄደ ከኪሱ ይከፍላል።

ከደሴና ከወልድያ ሆስፒታሎች የምንጠይቀው አዲስ ሕንፃ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቢቻል በገበያ ቀን፣ የአጥንት ሐኪም፣ የቆዳ ሐኪም፣ ፊዚዮቴራፒስትና የስኳር ክትትል ነርስ አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጡ። የሚያስፈልገው ስሜት መፈተኛው ባለ 10 ግራም ናይለን ክር፣ የደረቀ ቆዳ መላጫ ምላጭ፣ ጀሶና አንድ ወረፋ ነው። በሩ ላይም «እግር» ተብሎ ይጻፍ።