ከሞጣ አዲስ አበባ ድረስ ለአንድ ምርመራ

የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ኩላሊቱን የሚሰጠው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። እናት ለልጇ፣ ወንድም ለእህቱ ከአካሉ ይሰጣል። እንዲህ ያለ ስጦታ ክትትል አጥቶ ሲበላሽ ማሰብ ይከብደኛል።

ትልቁ ስጋት የተቀባዩ ሰውነት ኩላሊቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ማጥቃቱ ነው። ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። የሚጠረጠረው ኩላሊት ሊያስወግደው የሚገባው ክሬቲኒን የተባለ ቆሻሻ በደም ውስጥ ሲጨምር ነው፤ ያን ጊዜ ግን ጉዳቱ ጀምሯል። በዚያ ላይ ክሬቲኒን ለምን እንደጨመረ አይናገርም። የውሃ ማነስም፣ የሽንት መስመር መዘጋትም፣ የመድኃኒት መብዛትም ያስጨምረዋል። ቁርጡን የሚለየው ባዮፕሲ ነው። በመርፌ ከኩላሊቱ ቅንጣት ናሙና ይወሰዳል። ኩላሊቱ ሊደማ ይችላል። የተጎዳው ቦታ ሌላ ጋ ከሆነም ናሙናው ላያገኘው ይችላል።

ያለ መርፌ በምስል መለየት ይቻል ይሆን? ቤልጅየም፣ ሊዬዥ ያሉ ሐኪሞች ፔት ስካን የተባለውን የምስል ምርመራ ሞክረዋል። ለጥቃት የተነሱ ነጭ የደም ሴሎች ስኳር በብዛት ስለሚወስዱ፣ ምልክት የተደረገበት ስኳር ሲሰጥ ኩላሊቱ በምስሉ ላይ ደምቆ ይታያል። ጀርመን፣ ሙንስተር ላይ ደግሞ ቲ ሴል የተባሉትን አጥቂ ነጭ የደም ሴሎች ፈልገው የሚይዙ ጥቃቅን አረፋዎች በአይጦች ላይ ተሞክረው በአልትራሳውንድ ታይተዋል። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ባዮፕሲን የተካ ግን እስካሁን የለም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የጎጃም ታካሚ ነው። ደብረ ማርቆስ እንኳ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከሞጣ የሚነሳው ደግሞ የአባይን በረሃ ተሻግሮ፣ ከነአስታማሚው አልጋ ተከራይቶ ነው የሚታየው። ስለዚህ ብዙ ሰው «ደህና ነኝ» ብሎ ቀጠሮውን ቢያሳልፍ አይፈረድበትም።

የተተከለ ኩላሊት የሚቀመጠው ታችኛው ሆድ ላይ፣ ከቆዳ ብዙም ሳይርቅ ነው። ለአልትራሳውንድ ምቹ ነው። ዶፕለር፣ ማለትም የደም ፍሰትን የሚለካ ክፍል ያለው ማሽን የሽንት መስመሩ መዘጋቱን፣ ዙሪያውን ፈሳሽ መጠራቀሙን፣ ደም በደንብ መግባቱን ያሳያል። ዶፕለር ስለ ደም ፍሰቱ የሚሰጠው ቁጥር ብቻውን ግን ሰውነቱ ኩላሊቱን ማጥቃት አለማጥቃቱን አይለይም። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ የቤልጅየም ጥናት ቁጥሩ ከኩላሊቱ ይልቅ የተቀባዩን ዕድሜና የደም ሥር ሁኔታ እንደሚያንጸባርቅ አሳይቷል። ስለዚህ «አልትራሳውንዱ ጥሩ ነው» ተብሎ ክሬቲኒኑ የጨመረ ሰው ወደ ቤቱ መሸኘት የለበትም።

የምጠይቀው ይህን ነው። በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ሆስፒታሎች የተተከለ ኩላሊት ማየት የሠለጠነ ባለሙያ ይመደብ። ክሬቲኒን እዚያው ይለካ። ምስሉና ውጤቱ በዚያው ቀን ንቅለ ተከላውን ላደረገው ቡድን ይላክ። መዘጋት ወይም የውሃ ማነስ ከሆነ እዚያው ይታከም። ባዮፕሲ የሚያስፈልገው ደግሞ ወረፋ ሳይጠብቅ፣ አልጋ ተይዞለት ወደ አዲስ አበባ ይሂድ።